የሊማሊሞን መንገድ የሚችል ጎማ የቱ ነው?

የሞተር ሳይክል ጎማ ዋጋ በፍሬ ሳይሆን በኪሎ ሜትር ሲሰላ

ጎንደር ከተማ ውስጥ ወደ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ጎራ ብሎ የሞተር ሳይክል ጎማ የሚጠይቅ ደንበኛ አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ «ስንት ነው?» የሚል ነው። ቀጥሎ የሚናገረው ደግሞ «ቀንስልኝ» የሚለውን ነው። ጎማው መቼ እንደተሠራ፣ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም፣ ለምን ዓይነት መንገድ እንደታሰበ የሚጠይቅ ገዥ ጥቂት ነው። ሻጩም ካልተጠየቀ አይናገርም።

ከፒያሳ አዘዞ ለሚመላለስ ሰው ጉዳዩ ያን ያህል ላያሳስብ ይችላል። ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ ለሚደርስ፣ ከዚያም ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ለሚዘልቅ ሞተረኛ ግን የጎማ ነገር የሕይወት ጉዳይ ነው። መኪና አራት ጎማ ስላለው አንዱ ቢተነፍስ የቀሩት ሦስቱ ደግፈው ያቆሙታል። ሞተር ሳይክል ያለው ሁለት ብቻ ነው። የፊተኛው በቁልቁለት ላይ ድንገት ቢተነፍስ ነጂውን የሚደግፈው ነገር የለም።

ጉዳዩ የኪስም ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ የአሜሪካን ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ ይታወቃል። የሞተር ሳይክል ጎማ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንደመሆኑ በዶላር የተገዛ ስህተት ዛሬ ከቀድሞው እጥፍ በላይ ያስከፍላል። ገዥም ሆነ ነጋዴ ዋጋን በፍሬ ሳይሆን በኪሎ ሜትር ማስላት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

አገሩና መንገዱ

ጎማ ከመምረጥ በፊት መንገዱን ማወቅ ይቀድማል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የምትርቀው ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደባርቅ በሳንካበርና በጨነቅ አድርጎ ወደ ጃናሞራ የሚወስደው የስሜን ተራሮች መንገድ ቧሂት አካባቢ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በተቃራኒው በአይከልና በገንደ ውሃ አድርጎ ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ጎንደርን ለቆ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደሚገኘው ሞቃት ቆላ ይደርሳል።

በአንድ ጉዞ ውስጥ አስፋልት፣ ኮረኮንች፣ የክረምት ጭቃ፣ የወገራ የማለዳ ውርጭና የመተማ ቀትር ይፈራረቃሉ ማለት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደል ተጠርቦ የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ ደግሞ ጠመዝማዛና ቁልቁለት በመሆኑ ጎማን በሦስት በኩል ይፈትናል። ቁልቁለቱ ክብደቱን ወደ ፊተኛው ጎማ ያጋፋዋል፣ ጠመዝማዛው የጎማውን ትከሻ ይፈጋል፣ ድንጋዩ ደግሞ ጥርሱን ይሸርፋል፣ ጎኑንም ይቆርጣል።

ይህ አካባቢ ለረዥም ርቀት ሞተረኞች አዲስ አይደለም። ከካይሮ ተነስተው እስከ ደቡብ አፍሪካ ለሚወርዱ መንገደኞች መተማ ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ የሚገባባት በር ሆና ኖራለች። ጎንደር ደግሞ ከቆላው ወጥተው የሚያርፉባትና ዕቃቸውን የሚያስጠግኑባት የመጀመሪያዋ ትልቅ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2007 ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን በሞተር ሳይክል ሲጓዙ በሱዳን በኩል አድርገው ኢትዮጵያን አቋርጠዋል። ሆኖም ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የፈነዳው የሱዳን ጦርነትና በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ይህን እንቅስቃሴ ክፉኛ ጎድተውታል። ስለሆነም ማንኛውም መንገደኛ ስለ ጎማው ከማሰቡ በፊት ስለ መንገዱ ጸጥታ መጠየቅ ይኖርበታል። ነጋዴውም ሱቁን በሩቅ አገር ቱሪስት ተስፋ ከመሙላቱ በፊት እዚያው አገሩ ያለውን ሞተረኛ ማየት ይበጀዋል። የግብርናና የጤና ባለሙያው፣ የፕሮጀክት ሠራተኛው፣ ዕቃ አመላላሹና አስጎብኚው ዓመቱን ሙሉ ጎማ ይፈጃሉ።

ሦስት ዓይነት ጎማ፣ ሦስት ዓይነት ጠባይ

የሞተር ሳይክል ጎማዎችን በጥርሳቸው አቀማመጥ በሦስት ወገን መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው የአስፋልት ጎማ ነው። ጥርሱ ጠፍጣፋና ጥቅጥቅ ያለ፣ ቦዩ ጠባብ ነው። አስፋልት ላይ ብዙ ርቀት ይሄዳል፣ ድምፁም ዝቅተኛ ነው። ጭቃ ሲያገኝ ግን ቦዩ ወዲያው ይደፈንና እንደ ሳሙና ይንሸራተታል።

ሁለተኛው ጥርሱ ተራርቆ የቆመው የጭቃና የኮረኮንች ጎማ ነው። ክረምት ላይ ከጃናሞራ የሚወጣ ሰው ይህን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ችግሩ አስፋልት ላይ ነው። ክብደቱን የሚሸከሙት ጥቂት ጥርሶች በመሆናቸው ቶሎ ያልቃሉ፣ በእርጥብ አስፋልት ላይም የሚይዙት መሬት ትንሽ ነው። ከጎንደር ባሕር ዳር ያለውን 180 ኪሎ ሜትር አስፋልት በየሳምንቱ ለሚመላለስ ሰው ይህን ጎማ መግዛት ብርን በአስፋልት ላይ ፍቆ እንደመተው ነው።

ሦስተኛው በሁለቱ መካከል የሚገኘው ድብልቅ ጎማ ነው። መካከለኛ ስፋት ያለው ቦይና ወፈር ያለ ጥርስ አለው። ለጎንደርና ለሰሜን ጎንደር ደጋ መንገድ በአብዛኛው የሚስማማው ይህ ነው። እዚህም ላይ ቢሆን ምርጫ አለ። የላስቲኩ ውህድ ጠንካራ ሲሆን ጎማው ረዥም ዕድሜ ያገኛል፣ ነገር ግን በብርድና በዝናብ አስፋልት የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ለስለስ ሲል ደግሞ መንገዱን አጥብቆ ይይዛል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል።

በዓለም ዙሪያ በሚጓዙ ሞተረኞች ዘንድ የታወቁ ሦስት ጎማዎች ይህንን በደንብ ያሳያሉ። የጀርመኑ ሃይደናው ኬ60 ስካውት በረዥም ዕድሜው የተመሰገነ ሲሆን በእርጥብና ቀዝቃዛ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል ተብሎ ደግሞ ይታማል። የሚታስ ኢ-07 ጠንካራ ጎን ያለው ዓይነቱ ድንጋይ በመቻሉ ይፈለጋል። የኮንቲኔንታል ቲኬሲ 80 በአፈርና በጭቃ ላይ ተወዳጅ ቢሆንም አስፋልት ላይ ቶሎ በማለቅ ይታወቃል። ሁሉን የሚያሟላ ጎማ የለም። ገዥው የሚከፍለው ለአንዱ ጠባይ ሲሆን ሌላውን ይተዋል።

አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህን ለማስታረቅ መካከሉን በጠንካራ፣ ትከሻውን በለስላሳ ውህድ ይሠራሉ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የሚፈገው መካከሉ ነው፤ ሲታጠፍ የሚይዘው ትከሻው ነው። እንደ ሊማሊሞ ላለ ጠመዝማዛ መንገድ ይህ ዓይነቱ አሠራር ተጨማሪ ዋጋ ቢያስከፍል ተገቢ ነው።

ስሌቱ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ምሳሌዎች እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ የኋላ ጎማ 4,000 ብር ተገዝቶ 8,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ሌላው 7,000 ብር ተገዝቶ 18,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጎማ በተቀየረ ቁጥር ለካላማዳሪያና ለጎሚስታ 600 ብር ይወጣል። የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር ወደ 58 ሳንቲም፣ ሁለተኛው ወደ 42 ሳንቲም ያስወጣል።

ልዩነቱ 16 ሳንቲም ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባም። 36,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሞተር በመጀመሪያው ጎማ የሚወጣው 20,700 ብር ሲሆን በሁለተኛው 15,200 ብር ነው። 5,500 ብር ቀርቷል። በዚህ ላይ ጎማ ለማስቀየር የሚባክነው የሥራ ቀን አልታሰበም። ሱቅ ላይ ርካሽ የነበረው ጎማ መንገድ ላይ ውድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ስሌቱ ግን ሌላም ነገር ይናገራል። ያው የ7,000 ብር ጎማ መጋዘን ውስጥ አርጅቶ ኖሮ 9,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሰነጣጠቅ የኪሎ ሜትር ዋጋው ወደ 84 ሳንቲም ያሻቅባል። ከርካሹም ይብሳል። ስለሆነም «ውድ ነው፣ ጥሩ ነው» የሚለው አባባል «ርካሽ ነው፣ ያዋጣል» ከሚለው የተሻለ ጥበብ የለውም። ልዩነቱን የሚያመጣው ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

ሌላው በስሌቱ ውስጥ መግባት ያለበት ነገር የፊትና የኋላ ጎማ እኩል አለማለቃቸው ነው። የሞተሩን ኃይል ወደ መሬት የሚያስተላልፈውና አብዛኛውን ጭነት የሚሸከመው የኋላው በመሆኑ በብዙ ሞተሮች ላይ ሁለት የኋላ ጎማ ሲያልቅ የፊቱ አንድ ያልቃል። ዕውቀት ያለው ነጋዴ ሁለቱን በእኩል ቁጥር አያስመጣም።

ጎኑ ላይ የተጻፈው

በጎማ ጎን ላይ ከሚታተሙት ፊደላትና ቁጥሮች መካከል ለገዥው ዋነኛ የሆኑት አራት ናቸው።

አንደኛው የተሠራበት ጊዜ ነው። ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት ጋር በሚጻፈው መለያ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 2323 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2023 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ያለው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ስለሆነ በምንም ዋጋ አይገዛም።

እዚህ ላይ በእኛ አገር ገበያ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁጥሩ የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። 1016 የሚል ጎማ ያየ ሰው «በ2016 የተሠራ ነው» ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተረዳው 8 ዓመት ተሳሳተ ማለት ነው። ጎማው የተሠራው የካቲትና መጋቢት 2008 ዓ.ም. ሲጋጠሙ ነውና። ሻጩ ሳይዋሽ ገዥው ይታለላል። ታዋቂ የጎማ ፋብሪካዎች አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም እንዲጣል ይመክራሉ። ላስቲክ ተሰቅሎ ቢቀመጥም ያረጃል።

ሁለተኛው የጭነት መለያ ነው። ከመጠኑ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ጎማው የሚሸከመውን ክብደት በሰንጠረዥ ያመለክታል። 47 ማለት 175 ኪሎ፣ 52 ማለት 200 ኪሎ፣ 57 ማለት 230 ኪሎ፣ 60 ማለት 250 ኪሎ ነው። መጠናቸው 3.00-18 የሆነ ሁለት ጎማዎች በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ 47፣ ሌላው 52 ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለዩም፤ ልዩነታቸው ግን ሩብ ኩንታል ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንመልከተው። ሞተሩ 120 ኪሎ፣ ነጂው 70፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው 65፣ የተጫነው ጆንያ 50 ኪሎ ቢሆን በድምሩ 305 ኪሎ ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ገደማ፣ ማለትም ወደ 200 ኪሎ የሚጠጋው፣ በኋላው ጎማ ላይ ያርፋል። 47 የሚለው ጎማ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል፤ 52 የሚለውም ጫፍ ላይ ደርሷል። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ በየዙሩ እየተጣጠፈ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ሸራውን ከላስቲኩ ይለያየዋል። በመንገድ ላይ «ያለ ምክንያት ፈነዳ» ከሚባሉት ጎማዎች ብዙዎቹ ምክንያታቸው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ከጭነቱ ቁጥር ጋር የሚጻፈው የፍጥነት ፊደል ነው። ጄ 100፣ ኤል 120፣ ፒ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያመለክታሉ። በደጋው መንገድ በዚህ ፍጥነት የሚነዳ ባይኖርም ፊደሉ ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚችል ስለሚጠቁም መናቅ የለበትም።

አራተኛው ጎማው ካላማዳሪያ የሚፈልግ መሆን አለመሆኑ ነው። ቲ.ቲ. የሚለው ካላማዳሪያ የሚገባበት፣ ቲ.ኤል. የሚለው ያለ ካላማዳሪያ የሚሠራ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ፒ.አር. የሚል የሸራ ጥንካሬ መለያም ይገኛል። 6 ፒ.አር. ከ4 ፒ.አር. የበለጠ ጭነት ይችላል። ነገር ግን ቁጥሩ የጥንካሬ ደረጃ እንጂ በውስጡ ያለው የሸራ ብዛት አይደለም። «ባለ ስድስት ሸራ ነው» ብሎ መሸጥ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

ነፋስና ከፍታ

ጎማን ከጭነት ቀጥሎ የሚገድለው የነፋስ ማነስ ነው። በዚህ አካባቢ ደግሞ ነገሩን የሚያወሳስብ ጉዳይ አለ። የነፋስ መለኪያ የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። የውጭው አየር ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል። ስለዚህ ደባርቅ ላይ 30 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ ጎማ፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ መተማ ቢወርድ መለኪያው 27 ገደማ ያነባል። ከጎማው የወጣ ነፋስ የለም፤ የውጭው አየር ግፊት ነው የጨመረው።

ሙቀቱ ግን አይቆምም። ደባርቅ ማለዳ 10 ዲግሪ ከነበረ መተማ ቀትር ላይ 38 ሊሆን ይችላል፤ ይህ የ28 ዲግሪ ልዩነት ብቻውን ወደ 4 ፒ.ኤስ.አይ. ይጨምራል። ከፍታው የቀነሰውን ሙቀቱ መልሶ ይተካዋል። በዚህ ላይ ጎማው በጉዞ ሲሞቅ መለኪያው ሌላ ጭማሪ ያሳያል። ብዙ ሞተረኞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሞቀውን ጎማ ለክተው «በዝቷል» ብለው ያተነፍሱታል። በማግስቱ ጎማው ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ከሚገባው በታች ይሆናል፤ በዚያ ሁኔታ ሲነዳ ትከሻው ይበላል፣ ጎኑ ይጣጠፋል፣ ቸርኬውም በድንጋይ ይመታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ነፋስ የሚለካው በማለዳ፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ባደረበት ቦታ ነው። የሞተሩ ፋብሪካ የሚሰጠው ቁጥርም የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው፤ በጉዞ ላይ የሚመጣው ጭማሪ አስቀድሞ ታስቦበታል። ሰው ወይም ጭነት ሲጨመር ደግሞ ለጭነት የተጻፈውን ከፍ ያለ ቁጥር መከተል ይገባል። በአውራ ጣት ተጭኖ «ጥሩ ነው» ማለት መለካት አይደለም። አነስተኛ የኪስ መለኪያ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።

ካላማዳሪያና ጎሚስታ

ያለ ካላማዳሪያ የሚሠራ ጎማ ሚስማር ሲወጋው በአብዛኛው ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ ሳይፈታም ከውጭ በመሰኪያ ሊደፈን ይችላል። ባለ ካላማዳሪያው ግን ባንድ ጊዜ ሊተነፍስ ይችላል። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ይመረጣል። ሆኖም በደጋው የሚሠሩት አብዛኞቹ ሞተሮች ባለ ሽቦ ቸርኬ በመሆናቸው ካላማዳሪያ ይፈልጋሉ። ቸርኬው በድንጋይ ተመትቶ ሲጎብጥም ባለ ካላማዳሪያው ጉዞውን ሊቀጥል ሲችል ሌላው ነፋስ መያዝ ያቅተዋል።

በትንንሽ ከተሞች የሚገኙ ጎሚስታዎችም እጃቸው የለመደው ካላማዳሪያ መለጠፍ ነው። ስለዚህ ከደባርቅ ወዲያ ለሚያልፍ ሞተረኛ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያ፣ ጎማ ማውጫ ብረትና የእጅ ፖምፓ መያዝ የግድ ነው። በሩቅ መንገደኞች የተፈተነ ዘዴም አለ። ቦታ ለመቆጠብ አንድ ካላማዳሪያ ብቻ የሚይዝ ሰው የፊተኛውን የ21 ኢንች ይያዝ። በችግር ጊዜ በኋላው የ18 ኢንች ጎማ ውስጥ ገብቶ እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል። የኋላው ግን የፊቱን አይተካም።

አዲስ ጎማ ሲገባ ካላማዳሪያውም አብሮ መቀየር ይኖርበታል። ሦስት አራት ቦታ የተለጠፈ ካላማዳሪያ በአዲስ ጎማ ውስጥ መክተት የቁጠባ ስም የተሰጠው ብክነት ነው። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ልሙጥ ስለሆነ የመጀመሪያውን 100 እና 150 ኪሎ ሜትር በእርጋታ መንዳት ይመከራል። ከጎንደር ደባርቅ ያለው መንገድ ለዚህ ይበቃል። ጎማ ደባርቅ ላይ ቀይሮ በቀጥታ ሊማሊሞን መውረድ ግን አደጋን መጥራት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ።

ጎማው መቼ ይጣላል ለሚለው በቦዩ ውስጥ ከፍ ብለው የተሠሩ ትንንሽ የላስቲክ ድልድዮች መልሱን ይሰጣሉ። ጥርሱ ከእነርሱ ጋር ሲስተካከል ዕድሜው አልቋል። የአውሮፓ አገሮች ብዙዎቹ ዝቅተኛውን ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር አድርገው ደንግገዋል። ያለቀ ጎማን በምላጭ ቆፍሮ ጥርስ ማውጣት ሸራውን ማሳሳት ስለሆነ በሞተር ሳይክል ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ለነጋዴውና ለደላላው

በዚህ ገበያ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ሰው ማስላት ያለበት ሁለት ነገር ነው፤ ጎማው ስንት ቀን መደርደሪያ ላይ እንደሚቆይና በቆየ ቁጥር ምን ያህል እንደሚያረጅ። እንደ 2.75-17፣ 3.00-17፣ 3.00-18፣ 2.75-21 እና 4.10-18 ያሉት መጠኖች በአነስተኛና በመካከለኛ ሞተሮች ላይ የተለመዱ ናቸው። ለባጃጅ የሚሆነው 4.00-8 ደግሞ የከተማው የዕለት ፍጆታ ነው። እነዚህ ይዞራሉ።

የትልልቆቹ የቱሪስት ሞተሮች መጠን፣ እንደ 110/80-19 እና 150/70-17 ያለው፣ የተለየ ነው። አንዱ ሲሸጥ የሚገኘው ትርፍ ያማልላል። ገዥው ግን በዓመት አንዴ ይመጣ ይሆናል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። በዚያ መካከል ካፒታሉ ታስሮ ጎማውም ያረጃል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ቀብድ ተቀብሎ በትዕዛዝ ከአዲስ አበባ ማስመጣት እንጂ አከማችቶ መጠበቅ አያዋጣም።

የአቀማመጥ ጉዳይም አለ። ጎማን በሱቁ በረንዳ ላይ በገመድ አንጠልጥሎ ማሳየት የቆየ ልማድ ነው። በደጋው የሚወርደው የፀሐይ ጨረር ከቆላው የበረታ በመሆኑ ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ያሰነጣጥቀዋል። ለማሳያ አንድ ያረጀ ጎማ ይበቃል። የሚሸጠው ግን በጨለማና በደረቅ ክፍል፣ ከቤንዚንና ከዘይት ርቆ፣ በቁመቱ ተደርድሮ መቀመጥ አለበት። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይሸጥ።

ደላላው ደግሞ ከመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ዕቃ ሲያገናኝ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት የእያንዳንዱን ጎማ ጎን በስልክ አስነስቶ ቢያሳይ ለስሙ ይጠቅመዋል። አንድ ጭነት ውስጥ የአንድ ዓመትና የሰባት ዓመት ጎማ ተቀላቅሎ በአንድ ዋጋ ሊመጣ ይችላልና። የተሠራበት ጊዜ፣ መጠኑና የጭነት ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ ቢጻፍ ደግሞ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ገዥንም ሻጭንም ያድናል።

እስካሁን የጎንደር ገበያ ጎማን የሚከራከረው በፍሬ ዋጋ ነው። ዋጋው ሲንር ገዥው ወደ ርካሹ መሸሹ አይቀርም፤ ነጋዴውም የሚፈለገውን ያቀርባል። ነገር ግን በአንድ ወረቀት ላይ ዋጋውን ለኪሎ ሜትሩ አካፍሎ ለደንበኛው የሚያሳይ፣ ያረጀውን በግልጽ ለይቶ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ውዱንም ቢሆን ሳይከራከር ይሸጣል። ሞተረኛ የት እንደገዛ አይረሳም፤ ሊማሊሞን ወርዶ በሰላም የተመለሰም፣ ቁልቁለቱ ላይ የቀረበትም ለጓደኛው የሱቁን ስም መናገሩ አይቀርም።